ከማን ጋር እንደምትሠሩ በወረቀት ሳሉት

ሥራዬ በኩባንያዎች መካከል ነው። ሁለት ድርጅቶች አብረው አዲስ ምርት ለማውጣት ሲያስቡ፣ ወይም ጀምረው መሀል ላይ ሲቆሙ ይጠሩኛል። መጀመሪያ የሚቀርብልኝ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ፋይል ነው፤ ማኅተም ያረፈባቸው የመግባቢያ ሰነዶች፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተጨባብጠው የተነሷቸው ፎቶዎች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነው፦ የእናንተ ኢንጂነር ለእነሱ ኢንጂነር ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው መቼ ነው? «እሱን እንኳ አጣርተን እንነግርዎታለን» ይሉኛል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይባል የሚፈረም ሰነድ የለም። ድሩ እንዴት እንዳደራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ አጋር ያለው ኩባንያ ጥቂት ባለው ሲበለጥ አያለሁ። አዲስ ነገር ቀድሞ የሚያወጣውንና ወደኋላ የሚቀረውን የሚለየው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ፣ ክሩ የት እንደወፈረና የት ጨርሶ እንደሌለ ነው። ይህን በቃል መያዝ አይቻልም፤ መሳል አለበት።

ሥዕሉን መሳል

ትልቅ ወረቀት ዘርጉ። ሶፍትዌር አትግዙ፤ እርሳስና ላጲስ ይበቃል። መሀል ላይ የራሳችሁን ኩባንያ በክብ አስቀምጡ። ዙሪያውን አቅራቢዎችን፣ ደንበኞችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ ላቦራቶሪዎችን፣ አብራችሁ ሠርታችሁ ከሆነም ተፎካካሪዎችን ጻፉ።

መረጃውን ግን ከፋይሉ አትቅዱ። ከሰው ጠይቁ፤ ያውም ከአለቆቹ በፊት ከግዥ ሠራተኛው፣ ከጥገና ክፍሉ፣ ከጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ ምርት ሲበላሽ ደንበኛ ጋ ከሚሄደው ቴክኒሻን። ጥያቄው አጭር ነው፦ ባለፈው ዓመት ሥራው አልሄድ ብሎ ሲያስቸግራችሁ ከግቢው ውጭ ማንን አማከራችሁ? ማንስ እናንተን አማከረ? በየሳምንቱ ለሚነጋገሩት ወፍራም መስመር፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚገናኙት ቀጭን፣ ሰነድ ብቻ ላላቸው ነጠብጣብ አድርጉ። ነጠብጣቡ ሲበዛ አትደንግጡ፤ ሁሉም ቤት እንዲያ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው። አጋሮቻችሁ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ከሆነ በእነሱም መካከል መስመር አስምሩ። የሥዕሉ ትርጉም የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ተያይዘው ከተገኙ አንዱን ዜና ከስድስት አፍ እየሰማችሁ ነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳያችሁ። የውሃ ፓምፕ የሚሠራ ድርጅት ነው። የሚሸጠው ፓምፕ አሸዋ ያዘለ ውሃ ላይ ሲሠራ፣ ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደው ሜካኒካል ሲል ቶሎ እየተበላ ያፈስ ነበር። አጋሮቹ ሁሉ የፓምፕ ሰዎች ናቸው፤ ብረት የሚያቀልጠው፣ ሞተር የሚያቀርበው፣ መለዋወጫ የሚያስመጣው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፦ ጎማውን ቀይሩት። ሥዕሉን ስንስል ከዚያ ክበብ ወጥቶ ብቻውን ወደ ጥግ የሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር አገኘን። የጥገና ቴክኒሻኑ ነው፤ ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው አሁን ኬሚካል በሚያደባልቅ ፋብሪካ የማሽን ኃላፊ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ። ያ ሰው ሲጠየቅ የተበላውን ሜካኒካል ሲል በፎቶ ብቻ አይቶ መለሰ። ችግሩ ጎማው ላይ አልነበረም፤ የሚፋተጉት ሁለቱ ፊቶች ላይ ነበር። አንዱ ካርቦን ነው፤ አሸዋ ይበላዋል። እነሱ ጠንካራ ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ ላይ ሁለቱንም ፊት ሲሊከን ካርባይድ ከተባለ እጅግ ጠንካራ ቁስ ያደርጉታል። ለእሱ የዘወትር ሥራ ነው፤ ለፓምፕ ሠሪዎቹ አዲስ ምርት ሆነ። ያ መስመር በየትኛውም የመግባቢያ ሰነድ ላይ አልነበረም።

የሥዕሉ ቅርጽ ምን ይላል

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባወጣው ጥናት፣ አዲስ መረጃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው እንደሆነ አሳየ። የቅርብ ወዳጅ እኛ የምናውቀውን ነው የሚያውቀው። ሮናልድ በርት ይህን ወደ ንግድ ዓለም አምጥቶ፣ በማይተዋወቁ ሁለት ቡድኖች መካከል የቆመ ሰው ጥቅም እንዳለው ተከራከረ። በ2004 በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ላይ ያደረገው ጥናትም፣ በቡድኖች መሀል ያሉት የሚያቀርቡት ሐሳብ የተሻለ ተብሎ እንደሚመዘን አገኘ። የቴክኒሻኑ ጉዳይ ይኸው ነው።

ታዲያ ሩጡና ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር ብቻ ተያያዙ? አይደለም። ጋውታም አሁጃ በ2000 የታላላቅ ኬሚካል ኩባንያዎችን ትብብር ከፓተንት (በሕግ ከተመዘገበ የፈጠራ መብት) ቁጥራቸው ጋር አነጻጽሮ ተቃራኒውን አገኘ፤ አጋሮቹ እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ ኩባንያ የፓተንት ምርቱ ቀነሰ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ሐሳብ መስማት ሌላ፣ ሐሳቡን ወደ ምርት ለመቀየር ዓመታት አብሮ መልፋት ሌላ። ለመልፋቱ መተማመን ያስፈልጋል፤ መተማመን ደግሞ የሚጸናው «ካጭበረበርኩት እነ እገሌም ይሰማሉ» የሚባልበት ቦታ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ጥያቄውን መከፋፈል ነው። አሁን የቸገራችሁ ሐሳብ ከሆነ፣ ሥዕሉ ላይ ባዶ ወደሆነው ጥግ መስመር አውጡ። ሐሳብ ሞልቶ መፈጸም ካቃታችሁ፣ ያሉትን መስመሮች አወፍሩ፣ አጋሮቻችሁንም እርስ በርስ አስተዋውቁ። ሜሊሳ ሺሊንግና ኮሪ ፌልፕስ በ2007 በ11 የኢንዱስትሪ ዘርፎች ያሉ ኩባንያዎችን አጥንተው የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም፤ በየአካባቢው ጥብቅ ስብስብ ኖሮ፣ ስብስቦቹን የሚያገናኙ አጫጭር መንገዶች ሲጨመሩበት ፓተንት ይበዛል።

ጥብቅ ትስስር ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ የአይሲንን እሳት ያስታውስ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ ካሪያ የሚገኘው የአይሲን ሴይኪ ፋብሪካ ተቃጠለ። ለቶዮታ መኪኖች የፍሬን ግፊት የሚያመጣጥነውን ፒ-ቫልቭ የተባለ ትንሽ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚያቀርበው ይህ ፋብሪካ ነበር። ቶዮታ ዕቃ በመጋዘን ስለማያከማች በእጁ የነበረው ለጥቂት ሰዓት የሚሆን ብቻ ነው። በቀናት ውስጥ የጃፓን መገጣጠሚያዎቹ ቆሙ። አይሲን ንድፎቹን ለጠየቀው ሁሉ አከፋፈለ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ድርጅቶች ተረባረቡ። የልብስ ስፌት ማሽን የሚሠራው ብራዘር ሳይቀር ቫልቭ ሠርቶ የማያውቅ ሆኖ ማሽኑን እያስተካከለ ማምረት ጀመረ። ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ቴክኒክ መብት ለድርድር የተቀመጠ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመኪና ምርቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህ በእሳቱ ሰሞን የተፈጠረ መተማመን አይደለም፤ የቶዮታ አቅራቢዎች ለዓመታት በአንድ ማኅበር ሲሰበሰቡ፣ ኢንጂነር ሲለዋወጡ፣ አንዱ የአንዱን ፋብሪካ እየዞረ ሲያይና ሲተች የኖሩ ናቸው።

ጥብቅነት ግን ሲበዛ ያንቃል። ብራያን ኡዚ በ1990ዎቹ የኒው ዮርክ ልብስ ሰፊ ድርጅቶችን ሲያጠና፣ በመተማመን የሚሠሩት ከገበያ የመጥፋት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ ከልክ በላይ በጥቂት ወዳጆች ላይ የተንጠለጠሉት ግን ወዳጃቸው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ሥዕላችሁ ላይ አንድ ብቻ ወፍራም መስመር ካለና ሌላው ሁሉ ነጠብጣብ ከሆነ፣ ሁለተኛ መስመር መሥራት የዘንድሮ ሥራችሁ ይሁን።

ከአጋር በፊት ተቀባይ

አንድ ጊዜ ሁለት ኩባንያዎች ከአንድ ፋብሪካ ዕቃ ይገዙ ነበር። በማርች 2000 በኒው ሜክሲኮ የሚገኝ የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ መብረቅ ያስነሳው እሳት ያዘው። በደቂቃዎች ጠፋ፤ ጭሱ ግን ቺፕ የሚሠራባቸውን ከአቧራ የጸዱ ክፍሎች አበላሸ። ሞባይል ስልክ ሠሪዎቹ ኖኪያም ኤሪክሰንም ዜናው ደርሷቸዋል። ኖኪያ ጋ ነገሩ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፤ በየቀኑ ይደውላሉ፣ ከሌላ አቅራቢ የሚገኙ ቺፖችን ያፈላልጋሉ፣ ንድፍ ይቀይራሉ። ኤሪክሰን ጋ ዜናው ለሳምንታት ከታች ባሉ ሰዎች እጅ ቆየ፤ አማራጭ አቅራቢም አልነበረውም። ኪሳራው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። መስመሩ ሁለቱም ጋ ነበር። አንደኛው ጋ መስመሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ሰምቶ የሚያስፈጽም፣ አልነበረም።

ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በ1990 ይህን የመቀበል አቅም አሉት፤ ከውጭ የመጣ እውቀት የሚጠቅመው በውስጡ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ላለው ኩባንያ ነው። የራሱን ምርምር ዘግቶ «ከአጋር እናገኘዋለን» የሚል ኩባንያ የሚቀበልበትን እጁን ቆርጦ ጥሏል። እጅግ የታወቀው ማስረጃ ኑሚ የተባለው የመኪና ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በ1984 ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ አብረው ከፈቱ። ከድሮዎቹ ሠራተኞች ብዙዎቹ ተመለሱ፤ አሠራሩ የቶዮታ ሆነ፤ የመኪናው ጥራት አገሩን አስገረመ። ቶዮታ ከአሜሪካ ሠራተኛና አቅራቢ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ተምሮ ኬንታኪ ላይ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ጄኔራል ሞተርስም ሰው ልኮ አስተምሯል፤ የተማሩት ግን ሲመለሱ በየቦታው ተበታተኑ፤ ያዩትን ለመተግበር የሚሰማቸው አጡ። አንድ ሽርክና፣ አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት የተለያየ ትርፍ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ውል ከመፈረሙ በፊት የተቀባዩ ስም ይጻፍ፤ «የቴክኒክ ክፍሉ» አይበቃም፣ የሰው ስም ነው። ከመደበኛ ሥራው ላይ ጊዜ ይቀነስለት፤ ካልተቀነሰለት ትብብሩ የማታ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ጠይቁት፦ ከእነሱ ምን እንቀበላለን፣ በደረሰን ማግስት እዚህ ማን ምን ያደርገዋል? ይህን ገጽ መጻፍ ካቃተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ውሉ ገና አልበሰለም፤ አቆዩት። ሲቻል ደግሞ ሰውየው እዚያ ሄዶ የተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ ይሥራ። በኢሜይል የማይመጣ እውቀት አለ፤ ማሽኑ ድምፁን ሲቀይር ኦፕሬተሩ ምን እንደሚያደርግ የትኛውም መመሪያ ላይ አይጻፍም። ልትልኩ ከሆነም ሁለት ሦስት ሰው አብራችሁ ላኩ፤ ሲመለሱም አንድ ቦታ መድቧቸው።

ውሉ ላይ የማልለቃቸው ነገሮች

ጠበቃ ይኑራችሁ፤ እኔ የምለው ጠበቃው ሳይጠየቅ የማያነሳውን ነው።

የመጣውንና የሚወለደውን ለዩ። እያንዳንዱ ወገን ከመጀመሪያው ይዞት የመጣው እውቀት ተዘርዝሮ ይያያዝ፤ አብረው ሲሠሩ የሚገኘው የማን እንደሚሆን ለብቻው ይጻፍ። «በጋራ የኛ ይሆናል» የሚለው ሐረግ ደስ ይላል፣ ሁሉንም ያስማማል፣ ብዙ ጠብም የሚወለደው ከእሱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከጋራ ባለቤቶች አንዱ ሌላውን ሳያስፈቅድ ፓተንቱን ለሦስተኛ ወገን ፈቃድ ሊሰጥበት ይችላል፤ በእንግሊዝና በሌሎች ብዙ አገሮች ግን የሌላው ስምምነት ያስፈልገዋል። አጋራችሁ በሌላ አገር ሕግ የሚተዳደር ከሆነ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይዞራል። እኔ በበኩሌ አንዱ ባለቤት ሆኖ ሌላው ሰፊ የመጠቀም ፈቃድ ቢያገኝ እመርጣለሁ።

ለእናንተ የተሠራው ነገር ለሌላ ይሸጥ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ። አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ማይክሮሶፍት ሥርዓተ ክወናውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር፣ ለሌሎች የመሸጥ መብቱን ይዞ ቀረ። ተመሳሳይ ኮምፒውተር የሚሠሩ ኩባንያዎች ሲበዙ ሥርዓተ ክወናውን ሊገዙ ወደ ማይክሮሶፍት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መንገር አያስፈልግም።

ከተፎካካሪ ጋር ከሆነ ደግሞ የምትጣሉበትን ነገር አምጡ አትባባሉ። በ1987 የአሜሪካ 14 ቺፕ አምራቾች ሴማቴክ የተባለውን የጋራ የምርምር ድርጅት ሲመሠርቱ፣ መንግሥትም በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይጨምርላቸው ነበር፣ የመጀመሪያው ሐሳብ የአመራረት ዘዴያቸውን ሊካፈሉ ነበር። ማንም ምርጡን ይዞ ሊመጣ አልፈለገም። ነገሩ መንገድ የያዘው ፊታቸውን ወደ ጋራ ራስ ምታታቸው፣ ማሽን ወደሚያቀርቡላቸው ድርጅቶች፣ ሲያዞሩ ነው። የማሽኑ ጥራት ቢሻሻል ሁሉም ይጠቀማል፣ ማንም ምስጢሩን አይሰጥም። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኢንቴል፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም. እና ቶሺባ ብሉቱዝን የጋራ መስፈርት ለማድረግ ሲሰባሰቡም ነገሩ ይኸው ነበር፤ ማገናኛው የጋራ ይሁን፣ ስልኩና ኮምፒውተሩ ላይ እንፎካከር። በነዚህ ስብሰባዎች ስለ መሸጫ ዋጋ፣ ስለ ደንበኛ ክፍፍልና ስለ ምርት መጠን አንድ ቃል አይነሳ። ቡና ላይም ቢሆን። የውድድር ሕግ ያለበት አገር ሁሉ ይከሳችኋል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ማን ምን እንዳለ ይጻፍ።

በትንሽ ሥራ ጀምሩ

ትልቅ ሽርክና ከማያውቁት ጋር መጀመር አልወድም። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቢከሽፍ የማይጎዳ፣ ግን ሁለቱንም ኢንጂነሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሥራ ይሰጥ። የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ባዮንቴክና ፋይዘር በ2018 የተፈራረሙት ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነበር። በ2020 መጀመሪያ ኮሮና ሲመጣ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ማን ምን እንደሚችል ያውቃሉ፤ ዝርዝር ውሉ ሳያልቅ ሥራው ተጀመረ። በዲሴምበር ክትባቱ ፈቃድ አገኘ። የኢንፍሉዌንዛው ሥራ የፈለጉበት ጊዜ ላይ ባይደርስም ያስገኘው ትውውቅ ግን ከራሱ በላይ ዋጋ አወጣ።

ትስስሩ ሲበስል ገንዘብ ይግባበት። በ2012 ኢንቴል፣ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. እና ሳምሰንግ፣ ሦስቱም ቺፕ አምራቾችና በመካከላቸው ተፎካካሪ፣ የቺፕ ማተሚያ ማሽን ከሚሠራው ከኔዘርላንዱ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. ላይ በድምሩ 23 በመቶ ድርሻ ገዙ፤ ለምርምሩም 1.38 ቢሊዮን ዩሮ አዋጡ። ደንበኛ የአቅራቢውን ምርምር ሲከፍል ማሽኑ ቶሎ እንዲደርስለት ነው። አንድ አቅራቢ ብቻ የሚቀርበት አደጋም አብሮ ይመጣል፤ ያንን እያወቁ ገቡበት።

በዓመቱ እንደገና መሳል

ለአለቆች የሚቀርበው ሪፖርት «ዘንድሮ ይህን ያህል ስምምነት ፈረምን» እንዲል አትፍቀዱ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ከመስመሮቹ በአንዱ ምክንያት የተቀየረ ምርት ወይም አሠራር የቱ ነው? ከእነሱ የሰማነውና ከማንም የማንሰማው ምንድነው? እነሱስ ከእኛ ምን ወሰዱ? የመጨረሻው መልስ «ምንም» ከሆነ ትስስሩ አይቆይም፤ እየሰጠ ብቻ የሚኖር አጋር አንድ ቀን ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ለሦስቱም መልስ የሌለው መስመር ይዘጋ። ዝም ብሎ እንዲሞት ግን አይተው። የሰጧችሁ ናሙናና መረጃ ይመለስ፣ የሰጣችሁትም ይጠየቅ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ በደብዳቤ ይረጋገጥ። በኢንጂነሮቹ መካከል ያለው ትውውቅ ግን አይነካ፤ ወደ ቀጭን መስመር ይለወጥ። ቀጭን መስመር ምን እንደሚያመጣ ከፓምፑ አይታችኋል።

ሥዕሉን ስትደግሙ በየመስመሩ ጫፍ የሰው ስም ጻፉ፤ በእናንተ በኩልም በእነሱም። አንድ ስም ብቻ ያለበት መስመር ላይ ሁለተኛ ሰው መድቡ፤ ቀጣዩ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ይዞት ይሂድ፣ ስልክ ይለዋወጡ፣ አንድ ትንሽ ጉዳይ እሱ ራሱ ይጨርስ። የመጀመሪያው ሰው የሥራ መልቀቂያ ሲያስገባ ይህን መጀመር አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ እሱ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፣ አጋሮቻችሁም አብረውት ሊሄዱ ይችላሉ።